ጉልበት

ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ድሬ ስትጋገር፣
አስፋልቱ ለስልሶ ከጫማ ሲማከር፣
ከደቻቱ ድልድይ ትንሽ ወረድ ብሎ
ድንኳን ተተከለ፣ ድምፅ ማጉያ አዝሎ።

ነጭ ሸሚዝ ለባሽ፣ ላብ ያልነካው ልጅ
(እንዴት እንዳላላበው እግዜር ይወቅ እንጅ)
ከጠረጴዛው ላይ ጃሪካን ደርድሮ
ይለፍፍ ጀመረ ድምፁን አሳምሮ፦
«ይህ ዘይት ልዩ ነው፣ ወርቅ የተፈጨበት፣
ያረጀ ሞተር ነው የሚታደስበት፤
ጭስ ያጠፋል፣ ድምፅም፤ ነዳጅ ይቆጥባል፤
ከሁሉም፣ ከሁሉም፣ ጉልበት ይጨምራል!»

እኔም ከባጃጄ ወረድኩና ቆምኩኝ፤
ሳል ጀምሯት ነበር፣ ስለሷ ሰጋሁኝ።
ከሳቢያን መጋላ ሰባት ዓመት ሙሉ
ስንመላለስ ኖረን፣ ዛሬ ፒስተኖቿ ዕድሜ ይቆጥራሉ።
«ስንት ነው?» አላልኩም። ኪሴን ብቻ ነካሁ፤
የማክሰኞን ዕቁብ በጣቴ ቆጠርሁ።

ማሽን አመጣልን፦ የሚሽከረከር ብረት፣
ኩሽኔታ ተጭኖ የሚፋተግበት።
ከተራ ዘይት ውስጥ ግማሹን አጥልቆ
ማንሻውን ቢጫነው፣ ብረት ብረት ፍቆ
ጮኸ፣ ቆመ፣ ጤሰ።
ከዚያ የራሱን ወርቅ ጠብ አርጎ ለወሰ፤
ያው ብረት፣ ያው ክንድ፣ ያው ጫና ቢመጣ
ዝም ብሎ ዞረ፣ አንድም ድምፅ ሳይወጣ።

ጭብጨባ። «አቦ ስጠኝ!» «ለኔም ሁለት!» ሲባል
ከኋላ ሳል ሰማን፤ ኡስታ ዲኔ መጥቷል።

ኡስታ ዲኔ ማለት
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምድር ባቡር ጋራዥ ዘይት የጠጣ ሰው፣
የባቡር ልብ ትርታ በጆሮው የሚለየው።
(ግራ ጉልበቱ ግን ደረጃ ሲወጣ
ሲጥ ይላል፣ እንደ በር፣ ቅባት እንዳጣ።)

አላለም «ውሸት ነው»። አልተቆጣም ከቶ።
ከጎን ካለው ሱቅ አንድ ሻምፖ ገዝቶ
«እስቲ አቦ፣ ልጄ፣ ይቺን ጠብ አድርጋት፣
ከጸጉር ከተረፈች ለብረትም እንያት።»
ልጁ ሳቅ አለና «አይሆንም» ሲል፣ ሰዉ
«አርገው! አርገው!» አለ፤ ማን ያስታግሰው?

ተደረገ።
ዞረ።
አረፋ እየተፋ፣ ሎሚ እየሸተተ
ሲሽከረከር ቆየ፤ ብረት መች ታከተ!

«አየህ» አለኝ ኡስታ ክርኔን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣
«ሻምፖ ሞተር ውስጥ ማን ይጨምራል፣ ካልሆነ ተታሎ?
ማሽኑ አልዋሸም፤ የመለሰው ግን ላልጠየቅነው ነው።
የሞተርህ ጣጣ ሌላ ነው፤ እሳት ነው፣ ጥላሸት ነው፣ የደቻቱ አሸዋ ነው።
ደብተሩ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ገዝተህ በጊዜው ቀይረው፣
ማጣሪያውንም አትርሳ። ምስጢሩ ይኸው ነው።
ግን ይህን ማን ይሽጠው? ጃሪካን የለው!
ጉልበት ደግሞ» አለኝ፣ «ጉልበት በጠርሙስ የለም፤
ያለቀ ፒስተን አልቋል፤ ቅባት አይመልሰውም።»

ብሬን ወደ ኪሴ መለስኩት፤ አፈርኩኝ።
«ና ላድርስህ ኡስታ» ብዬ ወሰድኩኝ።

መጋላ ገበያው፣ መታጠፊያው ላይ ስንደርስ
«ቁም» አለኝ። ወረደ፣ ጆንያ ዘርግታ ወደ ተቀመጠች ሴት፣ ዝግ ብሎ፣ በእርጋታ፣
አንዲት ብልቃጥ አንስቶ ፀሐይ ላይ አያት፤ ቢጫ ናት፣ እንደ ማታ።
«የሰጎን ስብ ነው» አለችው፣ «ሰጎን ሲሮጥ አይተሃል?
ሦስት ቀን ብቻ እሸው፤ ጉልበት ይጨምራል።»

ኡስታ ዲኔ ዋጋ እንኳን አልተከራከረም።
ከፈለ። ወደ እኔ አላየም። እኔም ምንም አላልኩም።

ደጁ ላይ ደረስን። ሦስት ደረጃ አለው ቤቱ።
ሲጥ።
ሲጥ።
ሦስተኛው ላይ ቆመ፣ እጁ ብልቃጡ ላይ፣ ትንሽ እንደመሳቅ ቃጣው ፊቱ።
ሞተሬን አጠፋሁ፤
እስኪገባ ሰማሁ።